አንዴ ከጠፋ የማይመለሰው የመስማት ችሎታ፦ ድምፅ ከየት ተነሥቶ እንዴት ይሰማናል?

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ሮድሪገስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በነሐሴ 1883 የደሴቲቱ የፖሊስ አዛዥ ከምሥራቅ በኩል፣ ከሩቅ የሚተኮስ ከባድ መድፍ የሚመስል ድምፅ ሰሙ።

በአካባቢው ግን ጦርነት አልነበረም። አዛዡ የሰሙት፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር የሚገኘው የክራካቶዋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ያሰማውን ድምፅ ነበር። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ይህን ያህል በቀጥታ ቢበር ኬፕታውን ለመድረስ ጥቂት ብቻ ይቀረው ነበር። ድምፁ ይህን መንገድ ለመጨረስ አራት ሰዓት ገደማ ወስዶበታል።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ የመማሪያ ክፍል እንግባ። መምህሯ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ያስተምራሉ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ስሙ ሲጠራ አይመልስም። ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ መምህሯም «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብለው ያዝኑበታል። ልጁ ግን አልናቃቸውም፤ አልሰማቸውም።

ድምፅ ውቅያኖስ መሻገር ከቻለ፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የተቀመጠ ልጅ ጋር መድረስ እንዴት ያቅተዋል? መልሱ ያለው በጉዞው የመጨረሻ ሳንቲ ሜትሮች ላይ፣ ማለትም ከጆሮ ቀዳዳ እስከ ውስጠኛው ጆሮ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ያንን ለመረዳት ግን ከመነሻው መጀመር ይሻላል።

ድምፅ ምንድን ነው?

ድምፅ የሚፈጠረው አንድ ነገር በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ነው። ይህ መመላለስ ንዝረት ይባላል። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አሳርፋችሁ «ም» የሚለውን ድምፅ አፋችሁን ሳትከፍቱ ብታረዝሙት ንዝረቱ በጣታችሁ ይሰማችኋል። የፕላስቲክ ማስመሪያን አንድ ጫፍ ከጠረጴዛ ላይ ተጭናችሁ ሌላውን ጫፍ ብትለቁትም ንዝረቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ከበሮ ሲመታ ቆዳው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይመላለሳል። ወደ ውጭ ሲወጣ አጠገቡ ያለውን አየር ገፍቶ ያምቀዋል፤ ወደ ውስጥ ሲመለስ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። የታመቀው አየር ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ይገፋል፤ ያም በተራው ቀጣዩን ይገፋል። የድምፅ ሞገድ የሚባለው ይህ የመታመቅና የመሳሳት ቅብብሎሽ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ከከበሮው ተነሥቶ እስከ ጆሯችን የሚጓዘው አየሩ ራሱ አይደለም። በግንባታ ቦታ ተሰልፈው ጡብ የሚቀባበሉ ሠራተኞችን እናስብ። ጡቡ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ ግን ከቆሙበት አይነቃነቁም። የአየር ቅንጣቶችም እንዲሁ ባሉበት ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ አይጓዙም። የሚጓዘው ግፊቱ ነው።

ይህን በቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የጎድጓዳ ሳሕን አፍ በፌስታል ወጥሮ በላስቲክ ማሰር፣ ከላዩ ጥቂት ጤፍ መበተን፣ ከዚያም አጠገቡ ትሪ ይዞ በማንኪያ አጥብቆ መምታት ነው። ማንም ሳይነካው ጤፉ ይዘላል። አየሩ የተሸከመው ንዝረት ፌስታሉን አናውጦታልና። ወደ ኋላ እንደምናየው በጆሯችን ውስጥም እንዲህ ያለ የተወጠረ ስስ ቆዳ አለ።

ተሸካሚ የሌለው ድምፅ

ድምፅ የሚያሻግረው ነገር ይፈልጋል። አየር፣ ውኃ፣ እንጨት፣ ብረት ወይም ሌላ ቁስ ከሌለ ድምፅ አይኖርም። ሮበርት ቦይል በ1660 ባሳተመው ሥራው፣ የሚቆጥር ሰዓት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አንጠልጥሎ አየሩን በፓምፕ ባወጣው ጊዜ የሰዓቱ ድምፅ መሰማቱን እንዳቆመ ገልጿል። ጨረቃ ላይ የወረዱት ጠፈርተኞች ጎን ለጎን ቆመው ሳለ በሬዲዮ ይነጋገሩ የነበሩትም በመካከላቸው ድምፅ የሚያሻግር አየር ስላልነበረ ነው።

የድምፅ ፍጥነት እንደ ተሸካሚው ይለያያል። 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። አየሩ ሲሞቅ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የሙቀት መጠኑ 40 ዲግሪ በደረሰበት የጅቡቲ ቀትር ድምፅ በሰከንድ ወደ 355 ሜትር ሲሄድ፣ 10 ዲግሪ በሆነ የደብረ ብርሃን ጠዋት 337 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዛል።

ጆሮን ከእንጨት ዴስክ ጋር አጣብቆ በሌላው ጫፍ ጓደኛ በጥፍሩ እንዲጭረው ማድረግ ልዩነቱን ያሳያል። በአየር በኩል ሲመጣ እምብዛም የማይሰማው ጭረት፣ በእንጨቱ በኩል ሲመጣ ጎልቶ ይሰማል። በጣና ሐይቅ ገዳማትና በሌሎች ቀደምት አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት የድንጋይ ደወሎችም ጠጣር ነገር ምን ያህል አጥርቶ እንደሚነዝር ምስክር ናቸው።

ይህን ያወቀ ተማሪ መብረቅ ከምን ያህል ርቀት እንደወደቀ መገመት ይችላል። ብልጭታው ወዲያውኑ ይታያል፤ ነጎድጓዱ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ዘጠኝ ሰከንድ ከተቆጠረ መብረቁ የወደቀው በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው።

የገደል ማሚቶም በዚሁ ስሌት ይገባናል። ከገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ገደሉን ነክቶ ሲመለስ መልሶ ይሰማዋል። ገደሉ 170 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ገደሉ ከ17 ሜትር በታች ከቀረበ ግን የተመለሰው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚደራረብ ለይተን አንሰማውም።

ወደ ክራካቶዋ እንመለስ። በሰከንድ 343 ሜትር ማለት በሰዓት 1,235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 4,800ን ለ1,235 ብናካፍል አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውጤት እናገኛለን። በሮድሪገስ የተሰማው ድምፅ የፈጀው ጊዜም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ቀጭንና ወፍራም፣ ለስላሳና ብርቱ

ሁለት ድምፆች በምን ይለያያሉ? አንደኛው ልዩነት የንዝረቱ ድግግሞሽ ነው። አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የሚለካው በኸርዝ ነው፤ ስያሜው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከሃይንሪክ ኸርዝ የተወሰደ ነው። በፍጥነት የሚነዝር ነገር ቀጭን ድምፅ፣ በዝግታ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ያሰማል።

የባህል መሣሪያዎቻችን ይህን በተግባር ያሳያሉ። የከበሮው ሰፊ ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ያወጣል። የክራር ክር ሲወጠር ንዝረቱ ስለሚፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። የማሲንቆ ተጫዋች በአንዲት ክር ብቻ ዜማ የሚያወጣው ጣቱን እያንቀሳቀሰ የሚነዝረውን የክሩን ክፍል ስለሚያሳጥርና ስለሚያረዝም ነው። በዋሽንት ውስጥ ደግሞ የሚነዝረው አየሩ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የአየሩ ዐምድ ያጥራል ወይም ይረዝማል።

ጤናማ ጆሮ ያለው ልጅ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን ይሰማል። ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም ግን ጸጥ ያለ አይደለም። ውሾች ከእኛ በላይ ቀጭን የሆኑ ድምፆችን ይሰማሉ፤ ዝሆኖች ደግሞ ከእኛ የመስማት ወሰን በታች በሆነ ወፍራም ድምፅ ይነጋገራሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኬቲ ፔይን በ1984 በአንድ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች አጠገብ ቆማ ሳለ አየሩ በጸጥታ ሲርገበገብ ተሰማት። በኋላ ከጆይስ ፑል ጋር በኬንያ አምቦሴሊ የዱር ዝሆኖችን ድምፅ ቀርጸው አጠኑ። እነዚህ ለሰው ጆሮ የማይሰሙ ጥሪዎች በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራሉ።

ሁለተኛው ልዩነት የድምፁ ብርታት ነው። ከበሮ በኃይል ሲመታ ቆዳው ራቅ ብሎ ይመላለሳል፤ አየሩንም አብዝቶ ያምቃል። ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ ይህም ስልክን በመፈልሰፍ ከሚታወቀው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም የመጣ ነው። ሹክሹክታ 30፣ መደበኛ ንግግር 60፣ በተሽከርካሪ የተጨናነቀ ጎዳና 80 እና ከዚያ በላይ ዴሲቤል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። 60 ዴሲቤል የ30 እጥፍ አይደለም። በዚህ መለኪያ 10 በተጨመረ ቁጥር ድምፁ የተሸከመው ጉልበት በ10 ይባዛል። ስለዚህ ንግግር ከሹክሹክታ 1,000 እጥፍ ጉልበት አለው። ቁጥሮቹ ትንሽ ሲመስሉ በጆሮ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች

የድምፅ ሞገድ ወደ እኛ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ከውጭ የምናየው የጆሮ ቅጠል ነው። እሱም ሞገዱን ሰብስቦ በአዋቂ ሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደሚሆነው ቀዳዳ ያስገባዋል። በዚህ ቀዳዳ ውስጥ የሚገኘው ኩክ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራንና ትናንሽ ነፍሳትን ይዞ የሚያስቀር ጠባቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ራሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል።

በቀዳዳው መጨረሻ ታምቡር የሚባለው ስስ ቆዳ ይገኛል። ስፋቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፌስታሉ ላይ ያየነው ነገር እዚህም ይሆናል፤ ሞገዱ ሲነካው ታምቡሩ ይነዝራል።

ከታምቡሩ ኋላ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ያነሱ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። ቅርጻቸውን በሚመስሉ ነገሮች መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። እርካቡ ርዝመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእነዚህ አጥንቶች ሥራ ከባድ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ውስጠኛው ጆሮ በፈሳሽ የተሞላ በመሆኑ፣ በአየር የመጣ ድምፅ በቀጥታ ፈሳሹን ቢነካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጥሮ ይመለስ ነበር። ሦስቱ አጥንቶች ግን በሰፊው ታምቡር ላይ ያረፈውን ግፊት ወደ አንዲት ጠባብ መስኮት ሰብስበው ያስገቡታል፤ ግፊቱንም 20 እጥፍ ገደማ ያሳድጉታል።

አጥንቶቹ ያሉበት ክፍል ከጉሮሮ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ጆሮው ድፍን እንደሚል ያውቃል። ወደ ታች በወረድን መጠን የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምራቅ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ቱቦው ተከፍቶ ግፊቱ ይስተካከላል፤ ጆሯችንም ይከፈታል።

የጉዞው ማብቂያ ኮክሊያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቀንድ አውጣ ነው፤ ቅርጹም እንደዚያው የተጠቀለለ ነው። ቢዘረጋ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የሃንጋሪ ተወላጁ ጌኦርግ ፎን ቤኬሲ ሞገድ በኮክሊያ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በማሳየቱ በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቀጫጭን ድምፆች ብርቱውን ንዝረት የሚፈጥሩት በመግቢያው አካባቢ ሲሆን፣ ወፍራሞቹ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ይዘልቃሉ። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ማረፊያ አለው ማለት ነው።

በዚህ ጥቅል ውስጥ በላያቸው እጅግ ደቃቅ ፀጉር መሰል ነገሮች ያሏቸው ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ ፀጉሮቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ። በዚያች ቅጽበት ሕዋሱ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ምልክቱም በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። ድምፁ የእናት ይሁን የመኪና፣ ዘፈን ይሁን ጩኸት የሚለየው አንጎል ነው። ከሁለቱ ጆሮዎች የትኛው ቀድሞ እንደሰማም ያመሳክራል። በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነት ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ቢሆንም፣ ድምፁ ከቀኝ ይሁን ከግራ የመጣው በዚያ ይታወቃል።

ዶሮ የምትተካው፣ ሰው የማይተካው

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ቁም ነገር ይመጣል። በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበሉት ሕዋሳት ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በአንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት ፀጉራም ሕዋሳት ግን 16,000 ያህል ብቻ ናቸው። በሙሉ ከልደት በፊት የተሠሩ ናቸው። ከሞቱ ሌሎች አይተኳቸውም።

ቆዳችን ሲቆረጥ ይድናል፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። የዶሮ ጆሮም ቢሆን ፀጉራም ሕዋሳቱ ሲጎዱ አዳዲስ ያበቅላል፤ ተመራማሪዎች ይህን ያረጋገጡት በ1980ዎቹ ነው። የሰው ጆሮ ይህ ችሎታ የለውም። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን እየፈለጉ ነው፤ ሕዋሳቱን መልሶ የሚያበቅል ሕክምና ግን እስካሁን ለሕመምተኞች አልደረሰም።

ብርቱ ድምፅ እነዚህን ሕዋሳት እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት የሣር ሜዳን ማሰብ በቂ ነው። አንድ ሰው ሲረግጠው የጎነበሰው ሣር ጥቂት ቆይቶ ይነሣል። በየዕለቱ መንጋ ካለፈበት ግን ሣሩ ደርቆ መሬቱ ይገለጣል። ከሠርግ ድንኳን ወይም ከሙዚቃ ዝግጅት ስንወጣ ጆሯችን ጭው ካለ፣ የሌላውም ሰው ንግግር ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለን ፀጉሮቹ ተረግጠዋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእረፍት በኋላ መስማታችን ይመለሳል። ሲደጋገም ግን መመለሱ ይቀራል።

በጩኸት ምክንያት አስቀድመው የሚጎዱት ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች የሚቀበሉት ሕዋሳት ናቸው። ይህ በንግግር ላይ የሚያመጣው ችግር ልዩ ነው። እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» እና «ት» ያሉት ድምፆች ቀጭንና ደካማ ናቸው። «ሠራ» እና «ፈራ» የሚሉትን ቃላት ብንወስድ የሚለያዩት በመጀመሪያ ድምፃቸው ብቻ ነው። እነዚህን ድምፆች መለየት የተሳነው ልጅ የመምህሩ ድምፅ ይሰማዋል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። «ሠራ» ሲባል «ፈራ» ብሎ ይጽፋል። ሲጠሩት ዞር ስለሚል ማንም ጆሮውን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጠረው ጉብዝናው ነው።

ምን ያህል ድምፅ፣ ለምን ያህል ጊዜ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በአደገኛ የማዳመጥ ልማድ ሳቢያ የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት እንደተጋለጡ ይገልጻል። በድርጅቱ ግምት በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር ይኖርባቸዋል።

ጉዳቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የድምፁ ብርታትና የቆይታው ጊዜ። በድርጅቱ መመሪያ አንድ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። ድምፁ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቀደው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ከላይ እንዳየነው 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጉልበቱ በ10 ስለሚባዛ ጊዜውም ለ10 ይካፈላል። 100 ዴሲቤል ላይ በሳምንቱ ሙሉ የሚፈቀደው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለልጆች ደግሞ ከዚህም ዝቅ ያለ መጠን ይመከራል።

በየቤቱ ዴሲቤል መለኪያ የለም፤ ይሁን እንጂ ቀላል መመዘኛዎች አሉ። የስልክን ድምፅ ከመጨረሻው ከፍታ 60 በመቶ አለማሳለፍ አንዱ ነው። በክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገው ያ ቦታ ለጆሮ አይመችም። በየወፍጮ ቤቱ፣ በየብረታ ብረት ሥራው ቦታና በትላልቅ ስፒከሮች አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ጆሯቸውን መሸፈን ይኖርባቸዋል። ከስፒከር መራቅም ብዙ ይረዳል፤ ገላጣ ስፍራ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ጆሮ የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከጩኸት ሌላ

ጆሮን የሚጎዳው ጩኸት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው።

ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ማጅራት ገትር መስማትን ሊያሳጡ ይችላሉ፤ ክትባት አላቸው። በተለይ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በብዛት የሚከሰተው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው መቀነት ላይ በመሆኑ ጉዳዩ ለቀጠናችን ቅርብ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን፣ ፀጉራም ሕዋሳትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ግን ከጉንፋን ቀጥሎ የሚመጣው የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ሲጠራቀም ሦስቱ አጥንቶች እንደልብ ስለማይንቀሳቀሱ ድምፅ ይታፈናል። ይህ በጊዜ ከታከመ ይድናል። ከጆሮ መግል ሲወጣ «ያድግና ይተወዋል» ብሎ ማለፍ፣ ወይም ዘይትና ቅጠል መጨመር ግን ታምቡሩን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። መሄድ የሚገባው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ ወይም የጥጥ እንጨት ወደ ጆሮ ማስገባት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል። ልጅን ጆሮው ላይ በጥፊ መምታትም እንዲሁ ታምቡር ይቀድዳል። አላዳመጠም ተብሎ የተመታ ልጅ ከዚያ በኋላ እንዳይሰማ ሊደረግ ይችላል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው»

ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው። ስለ መስማት ችግር ቢነገርም ግን እውነት ይሆናል። መስማት ቀስ በቀስ ሲደክም ባለቤቱ አያውቀውም፤ ልጅ ከሆነማ ሌሎች ምን ያህል እንደሚሰሙ ስለማያውቅ የእሱ መስማት የሁሉም ይመስለዋል።

ስለዚህ የሚያስተውሉለት ሌሎች ናቸው። ቴሌቪዥን ወይም ሬዲዮ አብዝቶ የሚከፍት፣ «ምን አልክ?» የሚለውን ጥያቄ የሚደጋግም፣ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ጆሮው የሚያዳምጥ፣ የተናጋሪውን ከንፈር አትኩሮ የሚያይ፣ በቃል ጽሕፈት ተመሳሳይ ቃላትን የሚያምታታ ልጅ ጆሮው ሊታይለት ይገባል። መንሥኤው ኩክ ወይም ኢንፌክሽን ከሆነ መፍትሔው ቅርብ ነው። ፀጉራም ሕዋሳቱ ከተጎዱ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን አጉልቶ ይረዳል። በቀዶ ሕክምና የሚተከለው የኮክሊያ መሣሪያም ሕዋሳቱን አልፎ ነርቡን በቀጥታ ይቀሰቅሳል፤ ዋጋው ግን ለብዙዎች የሚቀመስ አይደለም።

መስማት የማይችል ልጅ ቋንቋ የሌለው ልጅ አይደለም። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። የኡጋንዳ የ1995 ሕገ መንግሥት መንግሥት የምልክት ቋንቋን እንዲያሳድግ ያዛል፤ የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ደግሞ የኬንያን የምልክት ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የፓርላማው ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎታል። ልጁ ቋንቋውን በሕፃንነቱ ካገኘው ትምህርቱን አብሮ ያገኛል፤ የዘገየ እንደሆነ የሚቀርበት ብዙ ነው።

መጨረሻ ረድፍ ወደተቀመጠው ተማሪ እንመለስ። መምህሯ ያላቸው መሣሪያ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ቢሆንም ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አለ። ልጁን ወደ ፊተኛው ረድፍ ማምጣት ይችላሉ። የድምፅ ጉልበት በርቀት ስለሚቀንስ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ወደ ሰሌዳው ዞረው ከመናገር ይልቅ ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ መልሰው መናገር ይችላሉ፤ ከንፈራቸውን ያየ ልጅ «ሠራ»ን ከ«ፈራ» ይለያልና። ከዚያም ወላጆቹን ጠርተው ጆሮው እንዲመረመር መንገር ይችላሉ።

ከክራካቶዋ የተነሣው ድምፅ 4,800 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሮድሪገስ ላይ የተሰማው በዚያ የሚሰማ ጤናማ ጆሮ ስለጠበቀው ነው። ለዚህ ልጅም የሚያስፈልገው የመምህሯ ድምፅ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች የሚያልፍበት መንገድ እንዲፈለግለት ነው። የፍለጋው መጀመሪያም «ለምን አታዳምጥም?» በሚለው ቁጣ ፋንታ «ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።